ማህደር የሌለው ሽጉጥ ትጥቅ አይደለም

በጎጃም ደጋ ሽጉጥ የያዘ ሰው ስለ ሽጉጡ ብትጠይቁት ወሬው አያልቅም። የየት አገር ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ጥይት እንደሚይዝ፣ ከማን እጅ እንደገዛውና ስንት ሺህ ብር እንደቆጠረበት ይተርክላችኋል። «በምን ነው የያዝከው?» ስትሉት ግን ኮቱን ገለጥ አድርጎ ወገቡን ያሳያችኋል፤ በሱሪውና በሸሚዙ መሀል ሻጥ አድርጎታል። ማህደሩን ከጠየቃችሁት ደግሞ ይስቃል። «ማህደር የፖሊስ ነው፤ ወንድ ልጅ ምን ማህደር ያስፈልገዋል?» ይህን መልስ ደብረ ማርቆስም፣ ሞጣም፣ ቢቸናም፣ ደንበጫም ሰምቼዋለሁ። ሽማግሌውም ወጣቱም ይለዋል፤ ደፍሮ የሚቃወመው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ እቃወመዋለሁ።

የምናገረው ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል ያደርጋል። ፈቃድ የሌለውን ሰው የትኛውም ማህደር ሕጋዊ አያደርገውም፤ እኔም ለእርሱ የምመክረው ነገር የለኝም። ያለፉት ዓመታት ጦርነት አካባቢያችንን በመሣሪያ እንዳጥለቀለቀውም አልዘነጋሁም። ስለ ጦርነቱ ሌላ ቦታ ይነገራል። እዚህ የማነሳው በሰላም ቀን፣ በገበያና በሰርግ፣ በቤትና በመንገድ፣ ጠላት በሌለበት የሚባርቀውን ጥይት ነው።

«ማህደር የፖሊስ ነው» ከሚለው አባባል ሥር ያለው የጀግንነት እምነት ነው። ሽጉጡን ከገላው ጋር ያገናኘ ሰው ደፋር፣ በቆዳ የሸፈነው ደግሞ ወይ ፈሪ ወይ ደመወዝተኛ ተደርጎ ይታያል። ወጣቱ ይህን ሲናገር የአባቶቹን ስም ይጠራል፤ «እኛ የበላይ ዘለቀ አገር ልጆች ነን» ይላል። አባቶችን ለዚህ ምስክር መጥራት ግን በደል ነው። ጠመንጃ ያነገተ የጎጃም አባት መሣሪያ ሲይዝ ሥርዓት ነበረው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ያነግታል እንጂ ወደ ሰው አያዞርም። እንግድነት ሲሄድ ጠመንጃውን ለቤቱ ባለቤት ያስረክባል ወይም ከምሰሶው ይሰቅላል። ቤተ መቅደስ ታጥቆ አይገባም። ከሁሉም በላይ ዝናሩን አስታውሱ። ጥይቱን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በየራሱ የቆዳ ቤት አድርጎ ነው ወገቡ ላይ የሚታጠቀው። ጥይቱን እንኳ ያለ ቆዳ ቤት ያልያዘ አባት፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በባዶ ሱሪ ውስጥ ለሚሸጉጥ ልጅ አርአያው ሊሆን አይችልም።

ይህን ነገር የሚቃወም ሰው የጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ፣ ቀደም ሲል በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ አስተዳደር የተጀመረው የመሣሪያ ምዝገባ ከምሬቶቹ አንዱ ነበር። ዛሬ ተመዝግቦ ነገ ሊነጠቅ ነው የሚለው ጥርጣሬ ያኔ ሥር ሰደደ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታትም ጥርጣሬውን የሚያስረሳ ነገር አላሳዩትም። ስለዚህ ስለ መሣሪያ አያያዝ የሚናገር ሰው ሁሉ መሣሪያ ሊያስፈታ የመጣ ይመስላል፤ የሚያውቅም ዝም ይላል። ዝምታውን እረዳለሁ፤ አልቀበለውም እንጂ። ትጥቅ ፍታ ማለትና ትጥቅህን በወጉ ያዝ ማለት ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚናገር ሰው ከጠፋ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው መንግሥት ሳይሆን የታጣቂው ቤተሰብ ነው።

ሽጉጡ ራሱ ይመስክር። በደርግ ዘመን በመኮንኖች ወገብ ላይ የምናውቀው ማካሮቭ የሶቪየት ጦር ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠቀው ነው። ለመኮንኑ የሚሰጠው ክዳን ካለው ጠንካራ የቆዳ ማህደር ጋር ነበር፤ ማህደሩ ለትርፍ ካዝና የሚሆን ኪስ፣ ለመወልወያ ዘንጉም ቦታ አለው። በአምስቱ ዓመት ከጣሊያን መኮንኖች የተማረከው የ1934 እ.ኤ.አ. ቤሬታም የራሱ የቆዳ ማህደር ነበረው። ሽጉጡን የሠሩት ሰዎች ያለ ማህደር ለወታደር አላስታጠቁም። መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከባለሥልጣን ወደ ነጋዴ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ማህደሩ አርጅቶ ተጣለ፤ ሽጉጡ ብቻ ቀረ። እኛ ጎዶሎውን ተረክበን ሙሉ ነው አልን፤ ጭራሽ ጉድለቱን ወንድነት አልነው።

ሱሪ ውስጥ የተሸጎጠ ሽጉጥ ቃታው ገላጣ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቃታ የሚጫነውን አይመርጥም፤ ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ፣ የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ ይሁን የቤት ቁልፍ፣ በበቂ ኃይል ከተጫነው ይለቃል። ማካሮቭ መቆለፊያ አለው፤ ነገር ግን መቆለፊያው በጎኑ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፤ ወደ ታች ከወረደች ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቀበቶና ከሸሚዝ ጋር እየተፋተገች የት እንዳለች ባለቤቱ የሚያውቀው ሲያወጣው ብቻ ነው። ቶካሬቭ በመጀመሪያው የሶቪየት ሥራው በእጅ የሚቆለፍ ነገር ጭራሽ የለውም፤ ያለው መዶሻውን በግማሽ መንገድ የሚይዝ ጥርስ ነው። አዲሱ ግሎክ ደግሞ በጎኑ የሚታይ መቆለፊያ የለውም፤ መጠበቂያው ያለው ቃታው ላይ ስለሆነ ቃታውን በወጉ የተጫነ ነገር ሁሉ መጠበቂያውንም አብሮ ይከፍተዋል። ለእንዲህ ያለ ሽጉጥ ቃታውን የሚሸፍን ማህደር የሽጉጡ አንድ አካል ነው ማለት ይቻላል። ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ ኋላ በየጓዳው እየተበሳ ጥይት እንዲተኩስ የተደረገውን ሽጉጥ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ እሱን ማህደርም አያድነው።

በዚህ ላይ «ካልተቀባበለ እንጨት ነው» የሚለው ንግግር ይጨመራል። ሽጉጡ አርጅቷል፣ መቆለፊያው ልሟል፣ ማህደር የለውም፤ ሆኖም ጥይት አጉርሶ ወገቡ ላይ ይዞት ይውላል። በዓለም ላይ ከጦርነት ጋር የኖሩት የእስራኤል ወታደሮች እንኳ ለረጅም ዘመን ሽጉጥ የሚይዙት ማጉረሻውን ባዶ አድርገው፣ ሲያወጡት ብቻ እያቀባበሉ ነበር፤ በዚህ የተነሳ እንጨት ይዘው ነበር የሚላቸው የለም። አሮጌ መሣሪያ ላለው የአገሬ ሰው እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማህደር ኖረም አልኖረም ማጉረሻው ባዶ ይሁን።

ማህደር የናቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ፣ ዓለም ያወቀው ታሪክ አለ። ፕላክሲኮ በረስ የሚባል አሜሪካዊ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የአገሩን ትልቁን ዋንጫ ያስገኘችውን ወሳኝ ኳስ የያዘ፣ ገንዘብም ዝናም የሞላለት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ሲገባ ግሎክ ሽጉጡን በስፖርት ሱሪው ወገብ ላይ ሻጥ አድርጎ ነበር፤ ማህደር አልያዘም። ሽጉጡ ተንሸራትቶ በሱሪው ውስጥ ሲወርድ ሊይዘው እጁን ሰደደ፤ ባረቀና የገዛ ጭኑን መታው። የኒው ዮርክ ፈቃድ ስላልነበረው የ2 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያን ሰው የመታው ጠላት አልነበረም። ላስቲኩ የላላ ሱሪ ነው። የእኛው አገር ሰው ላስቲክ ባለው ቱታና በገመድ በሚታሰር ቁምጣ ሽጉጥ ሲሸጉጥ ሳይ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይህ ነው።

በረስ ዳነ፤ ኒው ዮርክ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው። ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ክረምት ላይ ጭኑን የተመታ ሰውስ? የጭን ትልቁ ደም ሥር ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ያልቃል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ መኪና የለም። በቃሬዛ አሸክመው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እስኪያደርሱት የሚጠብቅ ደም የለም። ከዚያ ለቅሶ ላይ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው»፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። በዚህ አባባል የሚጽናና ሰው ስላለ በለቅሶ ቤት አልከራከርም። ከለቅሶ ቤት ውጭ ግን እከራከራለሁ። ዕድል አልነበረም። ቃታው ገላጣ ስለነበረ ነው። እግዚአብሔር ያላዘዘውን ሞት በእርሱ ማሳበብ የሃይማኖተኛ ሰው ሥራ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ጥይቱ ሌላ ሰው ሲመታ ነው። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ዳኛው «ባረቀብኝ» የሚለውን ሰምቶ ታስቦ ከተፈጸመ ግድያ ይለየዋል። የሟች ወንድም ግን ዳኛ አይደለም። እሱ የሚያየው ወንድሙ መሬት ላይ መውደቁን፣ ሽጉጡም በእገሌ እጅ መሆኑን ነው። አምና በወሰን ተጣልተው የነበሩ እንደሆነ ደግሞ ማን ነው ባጋጣሚ ነው ብሎ የሚያምነው? ያን ቀን የገዳዩ ቤተሰብ ከብቱን ነድቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ቤቱን ዘግቶ ይሸሻል። እርሻው ጦም ያድራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቄስ መስቀል ይዞ ለምኖ፣ ካሳ ተቆርጦ ደሙ እስኪደርቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። አንዳንዱ ደም ከነጭራሹ አይደርቅም፤ ያልተወለደ ልጅ ደመኛ ሆኖ ይወለዳል። በእርቅ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ከሁሉ የሚያስቸግራቸው እንዲህ ያለው ነው፤ ገዳዩ በእውነት የሚለው ሁሉ ሰበብ ይመስላልና። ፀብ ኖሮ የተገዳደሉ ሰዎች ቢያንስ ምን እንደሚታረቁ ያውቃሉ። እዚህ ግን የሚታረቁበት ነገር የለም፤ ያለው አንድ ቁራጭ ቆዳ የሚከለክለው የነበረ ሞት ነው። ስለ ማህደር አጥብቄ የምናገረው ከሁሉም በላይ በዚህ የተነሳ ነው።

«ማህደር ያስነቃል፤ ሻጥ ሲደረግ ነው የሚሰወረው» የሚሉ አሉ። በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆማችሁ ተመልከቱ። ማህደር የሌለው ታጣቂ እጁ አያርፍም። ሁለት እርምጃ ሄዶ ወገቡን ይዳስሳል፣ ባጃጅ ሲገባ ይጎትተዋል፣ ሲወርድ ይገፋዋል፣ ሲቀመጥ በክርኑ ይደግፈዋል። ሚኒባስ ውስጥ አጎንብሶ ሲገባ የሽጉጡ እጀታ ጎድኑን ስለሚወጋው ፊቱ ይጨማደዳል። መታጠቁን ለሕዝብ የሚነግረው እጁ ነው። ልኩ የሆነ፣ ከሱሪ ውስጥ ገብቶ በቀበቶ የሚያዝ ማህደር ያለው ሰው ግን ሽጉጡን ረስቶት ይውላል፤ ሸሚዙን ወደ ውጭ አድርጎ ኮት ወይም ጋቢ ከደረበበት ማንም አያውቅበትም። የሚሰውረውም የሚመቸውም ማህደሩ ነው። በእርግጥ እጀታውን ኮት ገለጥ አድርጎ ለማሳየት የሚታጠቅ ሰው አለ። እሱ መደበቁን አይፈልገውም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ሌላ ምክር ነው።

«ማህደር ያዘገያል» የሚለውን ክርክር ባጭሩ ልለፈው። ሻጥ የተደረገ ሽጉጥ ጠዋት ካስቀመጡት ቦታ ከሰዓት አይገኝም፤ ወይ ወደ ጎን ዞሯል ወይ ወደ ታች ሰምጧል። ከጋቢ ሥር ሲፈልጉት ከመዋል ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚገኝ ይሻላል።

ታዲያ ምን ዓይነት ማህደር? በገበያ ስሙ ማህደር የሚባል ሁሉ ማህደር አይደለም። ከሁሉ በፊት ቃታውንና ቃታውን የሚከበውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ሽፋኑም ከውጭ በጣት ሲጫኑት ወደ ውስጥ የማይገባ ጠንካራ ይሁን። ይህን የማያሟላ ከሆነ ሌላው ቢያምርም አትግዙት። ቀጥሎ ሽጉጡን አጥብቆ ይያዝ፤ ስትዘሉ፣ ስትሮጡ፣ ከበቅሎ ስትወርዱ እንዳይወድቅ። አፉ ሽጉጡ ሲወጣ የሚከደን ከሆነ ደግሞ ሲመለስ በሁለት እጅ መፈልቀቅ ይጠይቃል፤ በግራ እጅ አፉን እየከፈተ በቀኝ እጁ ሽጉጥ የሚያስገባ ሰው አፈሙዙን ወደ ገዛ መዳፉ እያዞረ ነው። ስለዚህ ባዶውንም ሆኖ አፉ ክፍት የሚቆም ይሁን። ከቀበቶው ጋር በደንብ ካልተያያዘም ሽጉጡ ሲሳብ ማህደሩ አብሮት ይወጣል።

ቀበቶው የነገሩ ግማሽ ነው። ለሱሪ ማጥበቂያ ብቻ የተሠራ ስስ ቀበቶ የአንድ ኪሎ ያህል ብረት አይሸከምም፤ ይታጠፋል፣ ማህደሩም ወደ ውጭ ያጋድላል። ወፈር ያለ፣ ሁለት ድርብ የተሰፋ የቆዳ ቀበቶ ያስፈልጋል። ማህደሩ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነም ሱሪው አንድ ቁጥር ሰፋ ይበል። ብዙ ሰው «ማህደር ሞክሬ አልተመቸኝም» የሚለው ቀበቶውንና ሱሪውን ሳይቀይር ነው፤ ያልተመቸው ጠባቡ ሱሪ ሆኖ ሳለ ማህደሩን ይጥለዋል።

ቦታውን በተመለከተ ለእኛ ኑሮ የሚስማማው በቀኝ ጎን፣ ከዳሌ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ነው። እምብርት አካባቢ ፊት ለፊት የሚይዙ በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እዚያ ሲሆን ሰው በተቀመጠ ቁጥር አፈሙዙ ወደ ጭኑ ደም ሥርና ወደ ብልቱ ያያል። ለማጨድ የሚያጎነብስ፣ በቅሎ የሚጋልብ፣ ዝቅ ባለ መደብ ላይ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ይህን ባይሞክረው ይሻላል። ከጀርባ፣ ከአከርካሪ ላይ ማድረግም መጥፎ ነው፤ በክረምት ጭቃ አዳልጦት በጀርባው የወደቀ ሰው አከርካሪው የሚያርፈው ብረት ላይ ነው። በብብት የሚንጠለጠለው ደግሞ በአብዛኛው አፈሙዙ ከኋላ ወደ ቆመው ሰው ያነጣጥራል። ቅዳሴ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ ከኋላችሁ ማን እንዳለ አስቡት።

ቦርሳና የካፖርት ኪስ ይቅር። በ2014 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አንዲት እናት ለሽጉጥ ተብሎ በተሠራ የእጅ ቦርሳ ሽጉጥ ይዛ ገበያ ወጥታ ነበር፤ አጠገቧ የነበረው የ2 ዓመት ልጇ እጁን ሰድዶ አገኘውና እናቱን ገደላት። ለሽጉጥ በተሠራ ቦርሳ ይህ ከሆነ፣ ቁልፍና ሳንቲም በሚጨመርበት ኪስ የሚሆነው ግልጽ ነው። ኪስ ካፖርቱ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ማህደር ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ማታ ሲፈታም ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡና ካዝናው ተለያይተው ይቆለፍባቸዋል። ትራስ ሥር አይደለም።

ከምን ይሠራ? የጨርቅና የሸራ ማህደር ርካሽ ነው፤ ሻጩም «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» ይላችኋል። ለሁሉም የሚሆን ማህደር ለአንዱም ልክ አይሆንም፤ ሽጉጡ በውስጡ ይንገዋለላል፣ ሸራውም ተጣጥፎ ቃታው ውስጥ ይገባል። በሙቀት ተለስልሶ በሽጉጡ ቅርጽ የሚሠራው ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አይረጥብም፣ አይለሰልስም፤ የሚያገኘው ሰው ካለ ለግሎክ መሰል ሽጉጥ ጥሩ ነው። ለአብዛኛው የእኛ ሰው ግን የሚደርስበት ቆዳ ነው፤ ቆዳም ከተጠነቀቁለት የሚታመን ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ረጅምና እርጥብ የሆነ ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳው ዝናብም ላብም ይጠጣል፤ እርጥብ ቆዳ ውስጥ ያደረ ብረት ይዝጋል፤ ስለዚህ ማታ ሽጉጡ ከማህደሩ ውጭ ተወልውሎ ይደር። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ቆዳው ይለሰልሳል፣ አፉ አካባቢ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያች እጥፋት ሽጉጡ ሲገባ እንደ ጣት ሆና ቃታውን ልትጫን ትችላለች። አፉ የሟሸሸ ማህደር ጊዜው አልፎበታል፤ የአያት መታሰቢያ ቢሆንም ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ አይታጠቁት።

ጋቢና ኩታ የሚለብስ ሰው ልዩ ጥንቃቄ አለበት። ብዙ ሽጉጥ የሚባርቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ሰውየው ሽጉጡን አውጥቷል፣ ነገሩ በርዷል፣ ዓይኑን ከሰው ሳይነቅል በልምድ ወደ ወገቡ ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት የጋቢው ጥለት ከማህደሩ አፍ ገብቶ ከሆነ ቃታውን የሚስበው ጥለቱ ነው። ስለዚህ ልብሱን በግራ እጅ ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ጣትን ከቃታው አርቆ፣ ዓይንን ወደ ማህደሩ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ሽጉጥ ለመመለስ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የሰርግ ዳስ ውስጥም አይተነዋል። ፎካሪው ጎራዳ ይዞ ይዘላል፣ ይሸልላል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፤ በሦስተኛው ዝላይ ከወገቡ የተሸጎጠው ሽጉጥ ወጥቶ ቄጠማው ላይ ዱብ ይላል። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ሚዜዎቹ ይበረግጋሉ፣ አንዱ ያነሳለታል፣ እሱም ጠረግ አድርጎ መልሶ ይሻጠዋል። ሰዉም «አይ ወንድ!» ብሎ ይስቃል። ያን ሽጉጥ ያነሳው ሰው በየት በኩል እንደያዘው፣ አፈሙዙ ወደየትኛው ሙሽራ እንደዞረ የሚጠይቅ የለም። ባለ ሰርጉ ይጠይቅ። ታጥቆ የመጣን እንግዳ «አያ፣ መሣሪያህን አስረክበኝ፤ ስትወጣ እሰጥሃለሁ» ማለት አባቶች ያደርጉት የነበረ ነው፤ ማንም አይቀየምም ነበር። ጠላና አረቄ ባለበት ደግሞ የማህደሩ ጥራት ዋጋ የለውም፤ የሚጠጣ ሰው ሽጉጡን ቤቱ ትቶ ይውጣ።

የቀረው የገንዘብ ሰበብ ነው። ሽጉጡን ብዙ ሺህ ብር ቆጥሮ የገዛ ሰው ለማህደር ሲሆን ገንዘብ የለኝም ይላል። ማህደር ውድ የሆነው ከውጭ ሲመጣ ነው። ኮርቻና ልጓም፣ አገልግልና ዝናር ሲሠራ የኖረ የቆዳ ባለሙያ በአካባቢያችን አለ፤ ይህ ሕዝብ ግን እጁን እየፈለገ ባለሙያውን ሲንቅ ኖሯል። የቆዳ ሠሪን ደጅ መርገጥ የሚያሳፍረው ታጣቂ ማህደር ባይኖረው አይገርምም። ነውሩን ይተውና ይሂድለት። ሽጉጡን ይዞ ግን አይሂድ፤ መሣሪያ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ዕቃ አይደለም። አናጢ ዘንድ በሽጉጡ ልክ፣ ቃታውና ቀለበቱ ሳይቀር የተቀረጸ እንጨት ያሠራ። ቆዳ ሠሪው ወፍራም የበሬ ቆዳ መርጦ፣ አርጥቦ፣ በእንጨቱ ላይ ወጥሮ፣ በቃታው ዙሪያ አጥብቆ ይስፋው፤ አፉ ላይ ሁለተኛ ድርብ ይጨምርበት፤ ከነእንጨቱ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ባለቤቱ ቤቱ ወስዶ ካዝናውን ካወጣ፣ ማጉረሻውን በዓይኑም በጣቱም አይቶ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሽጉጡን ይክተትበት። አልጋ ላይ ዘቅዝቆ ያራግፈው፤ ከወደቀ ይመለስ። በቃታው በኩል ቆዳውን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ይጫነው፤ ቃታው ከተንቀሳቀሰ ይመለስ። ታጥቆት ይቀመጥ፣ ያጎንብስ፣ ዳገት ይውጣ፣ በቅሎ ላይ ይውጣ፣ ባዶውን እንደሆነ ለቀናት ቤቱ ይለማመድበት። ቀሪውን ክፍያ የሚከፍለው ይህን ሁሉ ካለፈለት በኋላ ይሁን፤ ጥይቱንም ካዝናው ውስጥ የሚመልሰው ያን ጊዜ ነው።